የሚጣለውን ማወቅ፦ ከአስመራ ኮረብታ እስከ ጠፈር የደረሰ የመመርመሪያ ታሪክ

ራጅ ተነስታችሁ ታውቃላችሁ? ባለሙያው ደረታችሁን ከሰሌዳው ጋር ያስጠጋችሁና «ትንፋሽ ያዙ፣ እንዳትንቀሳቀሱ» ይላል። እሱ ራሱ ከመከለያው ጀርባ ይገባል። ቀጭ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ አለቀ። ጥቂት ቆይቶ የጎድን አጥንቶቻችሁ በምስል ይወጣሉ።

እስቲ አሁን ይህንኑ ነገር ገልብጣችሁ አስቡት። ጨረሩን የሚለቀው ማሽን አጠገባችሁ አይደለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ የብርሃን ዓመታት የራቀ የሞተ ኮከብ ነው። መቼ እንደሚለቅ የሚያዝዘው ባለሙያ የለም። የሚደርሳችሁም ጠብ ጠብ እያለ ነው፤ አንዳንዴ ከአንዱ ጠብታ እስከ ሌላው ብዙ ሴኮንድ ትጠብቃላችሁ። በዚህ ላይ ጨረሩን የምትቀበሉበት ሰሌዳ ላይ ከየአቅጣጫው ሌላ፣ የማትፈልጉት ጨረር ይዘንባል። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ዝናብ ውስጥ የትኛው ጠብታ ከኮከቡ እንደመጣ በምን ታውቃላችሁ?

ዛሬ የምናወራው ይህን ጥያቄ ለመመለስ ስለተሠሩ መሣሪያዎች ነው፤ ጠንካራ ኤክስሬይን ስለሚይዙ የሳተላይት መመርመሪያዎች። ታሪኩ የሚጀምረው ሳተላይት የሚባል ነገር ከመኖሩ በፊት ነው። መንገዱም ከአንድ ጊዜ በላይ በእኛው ሰፈር፣ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ያልፋል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ጠንካራ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኤክስሬይና በዓይናችን የምናየው ብርሃን አንድ ዘር ናቸው። ልዩነታቸው ጉልበት ላይ ነው። ብርሃን የሚጓዘው ፎቶን በሚባሉ ጥቃቅን ጥቅሎች ነው። ዓይናችን የሚያየው አንድ ፎቶን ከ2 እስከ 3 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ይይዛል። የሥነ ፈለክ ሰዎች «ጠንካራ ኤክስሬይ» የሚሉት ደግሞ ከ10 ሺህ ኤሌክትሮን ቮልት፣ ማለትም ከ10 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጀምሮ እስከ ጥቂት መቶ ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርሰውን ነው። በነገራችን ላይ ሐኪም ቤት ደረታችሁን የሚያልፈው ራጅም ከዚሁ ክፍል ነው።

ይህ ጨረር ለምን ተፈለገ? ሥጋችንን ሰንጥቆ እንደሚያልፍ ሁሉ፣ ጥቁር ጉድጓዶችን የሸፈነውን የጋዝና የአቧራ ደመናም ሰንጥቆ ስለሚወጣ ነው። ሌላ ብርሃን የማያሳየንን ያሳየናል። ግን ጥቅሙ ራሱ ጣጣው ነው። ሁሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ ነገር መመርመሪያውንም ሰንጥቆ ያልፋል። በሌንስ አይታጠፍም። በተራ መስታወት ላይም አይነጥርም።

ደግሞ ምድር ላይ ቆሞ መጠበቅ አይቻልም። ከጭንቅላታችን በላይ ያለው አየር ጨረርን በማስቆም ረገድ 10 ሜትር ውፍረት ያለው ውኃ እንደማለት ነው። ስለዚህ ወደ ጠፈር መውጣት ግድ ነው። ጠፈር ላይ ደግሞ ኮስሚክ ጨረር የሚባል ሌላ ዝናብ ይጠብቃል፤ አብዛኛው ከብርሃን ፍጥነት ጋር በተቀራረበ ፍጥነት የሚበር ፕሮቶን ነው። መመርመሪያችሁ ይህን ሁሉ ይቆጥራል። ከሚቆጥረው ውስጥ ብዙው ገለባ ነው፤ ፍሬው ጥቂት ነው።

ሁለት ምስክር

ይህን ገለባ የማበጠር ጥበብ የተወለደው ራሱን ኮስሚክ ጨረርን ለማጥናት ሲሞከር ነው። የነበረው መሣሪያ ጋይገር ቆጣሪ ነበር፤ ጋዝ የተሞላ፣ ቅንጣት ሲያልፍበት የኤሌክትሪክ ምት የሚሰጥ ቱቦ። ችግሩ፣ ቱቦው በሆነውም ባልሆነውም ይጮኻል። ከግድግዳው ድንጋይ፣ ከአፈሩ፣ ከራሱ ከቱቦው ብረት የሚወጣ ትንሽ ጨረር ሁሉ ያስጮኸዋል።

በ1929 ጀርመናውያኑ ቫልተር ቦቴና ቬርነር ኮልኸርስተር አንድ ነገር ሞከሩ። ሁለት ቆጣሪዎችን አንዱን ከአንዱ በላይ አደረጉና ሁለቱም በአንድ ቅጽበት ሲጮኹ ብቻ ቆጠሩ። ሐሳቡን አገር ቤት ሽምግልና ያየ ሰው ወዲያው ይረዳዋል። አንድ ምስክር ሊሳሳት ይችላል፤ ሁለት ተራርቀው የቆሙ ሰዎች በአንድ ቅጽበት አንድ ነገር አየን ካሉ ግን ይታመናሉ።

ይህን ያነበበ አንድ ወጣት ጣሊያናዊ ነበር፣ ብሩኖ ሮሲ። ፍሎረንስ ከተማ አጠገብ ባለው በአርቼትሪ ኮረብታ ላይ ይሠራ ነበር። በ1930 በዘመኑ ራዲዮ ውስጥ ይገቡ በነበሩ የቫክዩም አምፖሎች አንድ ሰርኪዩት ሠራ። ከሁለት በላይ ቆጣሪዎችን ያገናኛል፣ ይፈጥናልም። «ይህም፣ ይህም፣ ያም እሺ ካሉ እሺ በል» የሚል ሰርኪዩት ነው። ዛሬ ስልካችሁ ውስጥ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ የዚያ ሐሳብ ዘመዶች አሉ።

ሮሲ በዚህ መሣሪያ ሌላም ነገር አየ። ሦስት ቆጣሪዎችን በሦስት ማዕዘን አስቀመጠ፤ አንድ ቅንጣት ቀጥ ብሎ ሦስቱንም ሊመታ አይችልም። ከላይ የእርሳስ ክዳን ሲያደርግበት ግን ሦስቱ አብረው መጮኽ አበዙ። አንዱ ቅንጣት እርሳሱን ሲመታ ሌሎች ብዙ ቅንጣቶች ይፈነጥቃሉ ማለት ነው። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ እርሳስ ይከላከላል ብለን ስናስብ እሱ ራሱ አዲስ ጨረር ሊያመነጭ ይችላል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሳተላይት ሠሪዎች ራስ ምታት የሚሆነው ይኸው ነው።

አስመራ፣ 1933

ሮሲ አንድ ግምት ነበረው። ኮስሚክ ጨረር የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች ከሆነ፣ የምድር መግነጢስ መንገዳቸውን ያጣምመዋል። እንግዲያውስ ከምሥራቅና ከምዕራብ እኩል አይመጡም። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው ወደ ምድር ወገብ በቀረበና ከፍ ባለ ቦታ ነው። ለአንድ ጣሊያናዊ በዚያን ዘመን እንዲህ ያለ ቦታ የት ይገኛል? በጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ሥር በነበረችው በኤርትራ። በ1933 ሮሲና ባልደረባው ሰርጂዮ ዴ ቤኔዴቲ ቆጣሪዎቻቸውን ጭነው አስመራ ገቡ። ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ነው።

ቆጣሪዎቹን እንደ መነጽር አሰልፈው አንዴ ወደ ምሥራቅ፣ አንዴ ወደ ምዕራብ ያዘነብሏቸው ጀመር። ከምዕራብ የሚመጣው በለጠ። ይህም ቅንጣቶቹ በአብዛኛው ፖዘቲቭ ሙል እንዳላቸው ያሳያል። ደስ የሚል ውጤት ነው! ግን ወዮ፣ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሜክሲኮ ላይ ያንኑ አይተው ቀድመው አሳትመው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው ግን ሌላ ነው። ጥንቁቅ ሰው ምስክሮቹንም ይፈትናል። ሁለት ቆጣሪዎች ምንም ሳይገናኙ እንዲሁ በአጋጣሚ አብረው ሊጮኹ ይችላሉ። ይህ ስንት ጊዜ እንደሚሆን ለማወቅ ሮሲ ቆጣሪዎቹን አራራቃቸው፤ አንድ ቅንጣት ሁሉንም መምታት እንዳይችል። የሚቆጠረው እንግዲህ ገለባው ብቻ ነው። ያገኘው ቁጥር ግን ከጠበቀው በዛ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ «መሣሪያው ተበላሽቷል» ብሎ ያልፈው ነበር። ሮሲ አላለፈውም። አንዳንዴ በጣም ሰፊ የቅንጣት ዶፍ ከላይ ወርዶ ተራርቀው የቆሙትን ቆጣሪዎች አንድ ላይ ሳይመታቸው አይቀርም ሲል ጥቂት መስመር ጻፈ። ነገሩን ግን ተከታትሎ አልሄደበትም። ከአምስት ዓመት በኋላ ፈረንሳዊው ፒየር ኦዤ በሰፊው አጠናውና ዛሬ በእሱ ስም ይታወቃል። አስመራ ላይ በገለባው ክምር ውስጥ የተገኘው ፍሬ ነበር።

ምስክሩ ዘበኛ ሲሆን

በ1938 ፋሺስት ጣሊያን በአይሁዶች ላይ የዘር ሕግ አወጣ። ሮሲ የፓዶቫ ዩኒቨርሲቲ መምህርነቱን ተቀማ። ከባለቤቱ ጋር ወደ ኮፐንሃገን፣ ከዚያ ወደ ማንቸስተር፣ በመጨረሻም ወደ አሜሪካ ሄደ። ከጦርነቱ በኋላ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው፣ አስተማረ። በ1959 ደግሞ ሪካርዶ ጃኮኒ ለተባለ ሌላ ወጣት ጣሊያናዊ «ለምን ሰማዩን በኤክስሬይ አናየውም?» የሚል ሐሳብ አቀረበ።

ጃኮኒም ከኮስሚክ ጨረር ጥናት የመጣ ነው። የሮሲን ዘዴ ገለበጠው። መመርመሪያውን ቅንጣት ሲነካው ብልጭ በሚል ፕላስቲክ ከበበው። ኮስሚክ ቅንጣት ሲመጣ ፕላስቲኩንም መመርመሪያውንም አብሮ ይነካል። የኤክስሬይ ፎቶን ግን በመስኮቱ በኩል ገብቶ መመርመሪያው ውስጥ ይቀራል፤ ፕላስቲኩን አይነካውም። ስለዚህ ትእዛዙ እንዲህ ሆነ፦ «ሁለቱም አብረው ከጮኹ ጣለው።» የአስመራው ምስክር አሁን በር ላይ የቆመ ዘበኛ ሆነ።

የመጀመሪያ ሙከራዎቹ አልተሳኩም፤ በ1961 ሮኬቱ ወጥቶ የመመርመሪያው በር ሳይከፈት ቀረ። ሰኔ 18 ቀን 1962 እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል ከኒው ሜክሲኮ በረሃ የተተኮሰው ግን ሠራ። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ የቆየው ለስድስት ደቂቃ ያህል ነው። ጨረቃን ሊያይ ነበር የወጣው፤ ያገኘው ግን በስኮርፒዮ ኅብረ ኮከብ አቅጣጫ ማንም ያልጠበቀውን ደማቅ የኤክስሬይ ምንጭ ነው። ጃኮኒ በ2002 ለኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ባበረከተው አስተዋጽኦ የኖቤል ሽልማት አገኘ።

ለምን ከኬንያ?

ስድስት ደቂቃ አይበቃም። ሳተላይት ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1970 የመጀመሪያው የኤክስሬይ ሥነ ፈለክ ሳተላይት ተወነጨፈ። ከየት? ከጎረቤታችን ኬንያ፣ ማሊንዲ አጠገብ ባሕር ላይ ከቆመው ሳን ማርኮ ከተባለው የጣሊያኖች መድረክ። ቀኑ ኬንያ ነፃ የወጣችበት ሰባተኛ ዓመት ነበር። የናሳዋ የፕሮጀክት ኃላፊ ማርጆሪ ታውንሰንድ ሳተላይቱን «ኡሁሩ» አለችው፤ በስዋሂሊ ነፃነት ማለት ነው።

ቦታው ለውበቱ አልተመረጠም። ከምድር ወገብ አጠገብ የሚወነጨፍ ሳተላይት በምድር ወገብ ዙሪያ ለመዞር ይመቸዋል። ለኤክስሬይ መመርመሪያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምድርን የከበበው የጨረር መቀነት በደቡብ አትላንቲክና በብራዚል ሰማይ ላይ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። በዚያ የሚያልፍ መመርመሪያ በቅንጣት ስለሚጥለቀለቅ ለጊዜው መጥፋት አለበት። ካለፈም በኋላ ክሪስታሎቹ ራሳቸው ጨረር አመንጪ ሆነው ይቆያሉ። በምድር ወገብ ዙሪያ የሚዞር ግን ያንን ቦታ በአመዛኙ ይሸሸዋል። እንግዲህ ማበጠሩ መንገድ ከመምረጥ ይጀምራል ማለት ነው።

ኡሁሩ ሰማዩን ሁሉ አዳርሶ 339 ምንጮችን የያዘ መዝገብ አስገኘ። ከአጠገባቸው ካለ ኮከብ ጋዝ የሚቀሙ ኒውትሮን ኮከቦችን አሳየ። ሲግነስ ኤክስ-1 ጥቁር ጉድጓድ ሳይሆን አይቀርም የሚለውንም ሐሳብ ያጠናከረው እሱ ነው።

ብልጭታውን ማንበብ

የኡሁሩ መመርመሪያ በጋዝ የተሞላ ሳጥን ነበር፤ የሚያየውም እስከ 20 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ድረስ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ፎቶን ጋዙን ሳይነካው ያልፋል። ጠንካራውን ለመያዝ ጠጣርና ከባድ ነገር ያስፈልጋል።

የኤም.አይ.ቲ.ው ጆርጅ ክላርክ፣ የሮሲ የሥራ ባልደረባ፣ በ1964 መንገዱን አሳይቶ ነበር። ሶዲየም አዮዳይድ የተባለ ክሪስታል በትልቅ ፊኛ አስሮ ወደ ላይ ላከ። ፊኛ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲወጣ በላዩ የሚቀረው አየር ስስ ስለሆነ ጠንካራው ኤክስሬይ ይደርስበታል። ክሪስታሉ ፎቶን ሲውጥ ብልጭ ይላል፤ ብልጭታው በደመቀ ቁጥር የፎቶኑ ጉልበት ይበልጣል። በዚህ መንገድ ክራብ ከተባለው የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ከ15 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት በላይ የሆነ ኤክስሬይ ያዘ።

ግን ክሪስታሉ ከላይም፣ ከጎንም፣ ከታችም የሚመጣውን ሁሉ ይቀበላል። «በእርሳስ እንክበበዋ!» ትሉ ይሆናል። ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታወሳችሁ? ኮስሚክ ጨረር እርሳሱን ሲመታ እርሳሱ ራሱ ጨረር ይፈነጥቃል። ብዙ እርሳስ ብዙ ጣጣ ሊሆን ነው።

መውጫው ጋሻውን ዓይን መስጠት ነው። እርሳስ ድምፅ የለውም፤ የሆነበትን አይናገርም። ከባድ ክሪስታል ግን ይከላከላልም፣ ሲነካ ብልጭ እያለ ይናገራልም። ከዚህ ላይ አንድ ብልህ ዘዴ መጣ። ሁለት ዓይነት ክሪስታሎችን አጣብቃችሁ በአንድ ብርሃን ቆጣሪ ታነቧቸዋላችሁ። የአንዱ ብልጭታ እንደ መብረቅ ቶሎ ይጠፋል፤ የሌላው እንደ ፍም ትንሽ ይቆያል። ኤሌክትሮኒክሱ የብልጭታውን ቅርጽ አይቶ «ይህ ከፊተኛው ብቻ ነው፣ ያዘው»፣ «ይህ ከኋለኛውም ነው፣ ጣለው» ይላል። በ1977 የተወነጨፈው ሄኦ-1 ሳተላይት በዚህ መንገድ ጠንካራ ኤክስሬይን ከጠፈር ለካ።

ጉድጓድ ውስጥ ያለው ዓይን

ዘዴውን ጫፍ ያደረሱት ጃፓናውያን ናቸው። በቱነዮሺ ካማኤ የሚመራ ቡድን መመርመሪያውን በጥልቅ ጉድጓድ ግርጌ አስቀመጠው። የጉድጓዱ ግድግዳ ቢ.ጂ.ኦ. ከተባለ፣ ቢስመዝ ካለበት ከባድ ክሪስታል የተሠራ ነው። ግርጌው ላይ ጂ.ኤስ.ኦ. የተባለ ፈጣን ክሪስታል አለ። ሰማዩ የሚታየው በጠባቡ አፍ በኩል ብቻ ነው። መጀመሪያ በፊኛ ተሞከረ፤ ከዚያ ለሳተላይት ተዘጋጀ።

ሳተላይቱ አስትሮ-ኢ ይባል ነበር። የካቲት 10 ቀን 2000 ሮኬቱ ተነሣ፤ የመጀመሪያው ደረጃ ተበላሸና ሳተላይቱ ምሕዋር ሳይገባ ጠፋ። የብዙ ዓመት ሥራ፣ የብዙ ተማሪዎች የዶክትሬት ተስፋ በአንድ ቀን አለቀ። እነሱ ግን እንደገና ሠሩት። ሐምሌ 10 ቀን 2005 ተተኪው ሱዛኩ በሰላም ወጣ። በወሩ ሌላ ዱብ ዕዳ መጣ፦ ዋናው የተባለው መሣሪያ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሂሊየሙን አጥቶ ከጥቅም ውጭ ሆነ። የሌሎቹ መሣሪያዎች ሸክም ጨመረ፤ ከእነሱ አንዱ የጠንካራ ኤክስሬይ መመርመሪያው ነው።

ይህ መመርመሪያ 16 ጉድጓዶች፣ 4 በ4 ተደርድረው፣ በዙሪያቸው 20 የቢ.ጂ.ኦ. ዘበኞች ቆመውላቸው ነበር። በየጉድጓዱ ሁለት ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው የሲሊከን ሰሌዳዎች ከ10 እስከ 70 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ያለውን ይይዛሉ። ያንን አልፎ የሚሄደውን ከሥራቸው ያለው ጂ.ኤስ.ኦ. እስከ 600 ድረስ ይይዘዋል። አንዱ ጉድጓድ ሲጮኽ ጎረቤቶቹ ይጠየቃሉ፤ እነሱም ከጮኹ ያ ምት ገለባ ነው።

አሁን ደግሞ የምወደው ክፍል መጣ። እነዚያ 20 ዘበኞች የሚጮኹበት ምት ሁሉ «የሚጣል» ነው አይደል? ቡድኑ ግን አልጣለውም፤ ለብቻው መዘገበው። ትልቅ ክሪስታል በየአቅጣጫው ተደርድሮ ሰማይን ሲያይ፣ የጋማ ጨረር ፍንዳታ የሚባሉትን ድንገተኛ ብልጭታዎች የመያዝ ዕድሉ ሰፊ ነው። የሱዛኩ ዘበኞች በሥራ ዘመናቸው ብዙ እንዲህ ያሉ ፍንዳታዎችን ያዙ። ዘበኛው ራሱ ሌላ ቴሌስኮፕ ሆነ። የአስመራዋን ጥቂት መስመር ታስታውሱ የለ?

እውነተኛው ምስክር ሲጣል

ማበጠር ግን ሁልጊዜ አይቀናም። የሱዛኩ ተከታይ ሂቶሚ የካቲት 17 ቀን 2016 ተወነጨፈ። የጠንካራ ኤክስሬይ መመርመሪያው የሲሊከንና የካድሚየም ቴሉራይድ ስስ ሰሌዳዎች ተነባብረውበት፣ በፊቱ መስታወት ያለው፣ ምስል የሚያነሣ ነበር።

መጋቢት 26 ሳተላይቱ ሳይሽከረከር «በሰዓት 20 ዲግሪ ገደማ እየተሽከረከርኩ ነው» ብሎ አሰላ። ኮከብ የሚያይ ካሜራ ነበረው፤ የካሜራው ንባብ ግን ከስሌቱ ጋር ስላልተስማማ እንደ ስሕተት ተቆጥሮ ወደ ጎን ተደረገ። ፀሐይን የሚያየው ዳሳሽም አልተጠየቀም። ሳተላይቱ የሌለውን ሽክርክሪት ለማቆም ሲታገል በእውነት መሽከርከር ጀመረ። ከዚያ ማረጋጊያ ሞተሮቹ በተሳሳተ ቁጥር ታዘዙና ባሰበት፤ የፀሐይ ክንፎቹ ተሰበሩ። ሂቶሚ ሥራ ከጀመረ ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር።

ልብ በሉ፤ መመርመሪያው ምንም አልሆነም። የወደቀው ምስክር የመምረጡ ሥራ ነው። እውነቱን የተናገረው ተጣለ፤ የተሳሳተው ብቻውን ታመነ።

ኑስታር

ሂቶሚ ከመውጣቱ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ሳተላይት መንገዱን ይዞ ነበር። በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ፊዮና ሃሪሰን የመራችው ኑስታር ሰኔ 13 ቀን 2012 ከአውሮፕላን ላይ በተለቀቀ ሮኬት፣ እንደ ኡሁሩ በምድር ወገብ አካባቢ እንዲዞር፣ ወጣ። እሱም ቀድሞ በፊኛ ተሞክሯል።

ኑስታር ጠንካራ ኤክስሬይን በመስታወት ሰብስቦ ሰማይን ያየ የመጀመሪያው ሳተላይት ነው። እንዴት? ድንጋይ ውኃ ላይ አግድም ብትወረውሩት እንደሚነጥር፣ ኤክስሬይም መስታወቱን ጨርፎ ሲነካ ይነጥራል። ለዚህ 133 ስስ የመስታወት ቱቦዎች አንዱ በአንዱ ውስጥ ተሰክተዋል፤ እንዲህ ያለ ሁለት አለው። ጭረፋው በጣም አግድም ስለሆነ ጨረሩ የሚገናኘው 10 ሜትር ርቆ ነው። ሳተላይቱ ታጥፎ ወጥቶ ጠፈር ላይ ክንዱን ዘረጋ።

መሰብሰቡ ለምን ጠቀመ? ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰፊ መመርመሪያ ሰፊ ገለባ ይለቅማል። ፎቶኖቹን ትንሽ ቦታ ላይ ከሰበሰባችሁ ትንሽ መመርመሪያ ይበቃል፤ ገለባውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የኑስታር መመርመሪያ የካድሚየም፣ የዚንክና የቴሉሪየም ክሪስታል ነው። 32 በ32 በሆኑ ጥቃቅን ዓይኖች ተከፋፍሏል። ዙሪያውን አሁንም ብልጭ የሚል ክሪስታል እንደ ዘበኛ ከቦታል። ከ1962 የቀረ ነገር የለም!

በዚህ መሣሪያ የተገኘውን አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ካሲዮፒያ ኤ የፈነዳ ኮከብ ቅሪት ነው፤ 11 ሺህ የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ኮከቡ ሲፈነዳ ታይታኒየም-44 የሚባል ራዲዮአክቲቭ ንጥረ ነገር ፈጥሯል፤ ይህ ንጥረ ነገር በ60 ዓመት ገደማ ግማሹ ያልቃል። ሲፈርስ 68 እና 78 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት የሆኑ ፎቶኖችን ይለቃል። ኑስታር የእነዚህን ካርታ በ2014 ሠራ። ታይታኒየሙ እንደ ኳስ ክብ ሆኖ አልተበተነም፤ እዚህና እዚያ ተጠራቅሞ ተገኘ። ኮከቡ ሲፈነዳ ውስጡ እየተንከላወሰ ነበር ማለት ነው። ለዓመታት በኮምፒውተር ሲሞከር የነበረውን ሐሳብ የሚዳኝ ማስረጃ ተገኘ።

ኑስታር እንከንም አለው። በመስታወቱና በመመርመሪያው መካከል ያለው ክንድ ክፍት ስለሆነ ከጎን ካሉ ደማቅ ምንጮች ብርሃን ሾልኮ ይገባል። መጀመሪያ ላይ ይህ የሚጣል ብክለት ነበር። በኋላ ተመራማሪዎቹ ይህን ሾልኮ የገባ ብርሃን ለቅመው መዝገብ ሠሩለት፤ ማንም ሊያያቸው ያላሰባቸውን ምንጮች ለማጥናት ዋለ። ገለባው አሁንም ፍሬ ሰጠ።

ወደ ማሊንዲ ተመልሰን

ኑስታር ያየውን ወደ ምድር የሚልከው በየት በኩል እንደሆነ ታውቃላችሁ? ማሊንዲ ላይ ባለው የጣሊያን የጠፈር ድርጅት ጣቢያ በኩል ነው፤ ኡሁሩ ከተነሣበት ባሕር ዳርቻ አጠገብ።

እናንተም በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ አንድ ቀን ከሌሎቹ ጋር የማይገጥም ቁጥር ታገኛላችሁ። መምህሩ «ተሳስታችኋል፣ ሰርዙት» ሊላችሁ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ልክ ይሆናል። ከመሰረዛችሁ በፊት ግን ደብተራችሁ ጠርዝ ላይ ቁጥሩንና የሰረዛችሁበትን ምክንያት ጻፉት። ምክንያቱን መጻፍ ካቃታችሁ፣ ገና አትሰርዙት።